ወደ ቀኝ የታጠፈው ደመና

እህቴ ስትዳር በአየር ትንበያ ቢሯችን ራዳር ላይ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ተራዬ የግማሽ ቀን ስለሆነ ምሳ ሳይቀርብ እደርሳለሁ ብያታለሁ። ድግስና ዘፈን ባለበት እኔን የሚያስቀር ነገር እንደሌለ ዘመድ ሁሉ ያውቃል።

ድንኳኑ የተተከለው ከከተማው በስተደቡብ ሜዳ ላይ ነው። ረፋዱ ላይ በምዕራብ የተነሳው ደመና ደግሞ ወደ ምሥራቅ ይነዳል።

"ተራሽ አልቋል፣ ሂጂ እንጂ" አለኝ አለቃዬ። "በሰሜን በኩል ያልፋል።"

እሱ ምንጊዜም ያልፋል ነው የሚለው፤ ስሙንም "ያልፋል" ብለነዋል። እኔ ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም። የዝናቡ ምስል ቀይ መሆኑ አይደለም ያስጨነቀኝ፤ ተራ ዶፍም ቀይ ነው። የከነከነኝ ጭራው እንደ መንጠቆ መታጠፉ ነው። የነፋሱን ምስል ከፈትኩ። ወደ እኛ የሚመጣው ነፋስ አረንጓዴ፣ ከእኛ የሚርቀው ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተጣብቀዋል። ደመናው እየተሽከረከረ ነው፤ አውሎ ነፋስ ሊያወርድ ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ደግሞ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ ቀኝ መታጠፍ ይወዳል። በስተቀኙ ያለው የእህቴ ድንኳን ነው።

"ይሄ አያልፍም" አልኩት።

ቀጣዩን ምስል ጠበቅን። ደመናው ታጠፈ።

"ማስጠንቀቂያውን ጻፊ" አለኝ።

ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። ግን ማስጠንቀቂያው ለሕዝብ ሳይወጣ ለዘመድ መደወል ቢሯችን ውስጥ ነውር ነው። አንዱ ባልደረባችን ለሚስቱ ሹክ ብሏት ሰፈሩ በሙሉ ቤቱን ዘግቶ ዋለ፤ የዚያን ቀን ጠብ ያለ ነገር የለም። ጥርሴን ነክሼ ጻፍኩና ለሬዲዮ ጣቢያው ላክሁት። ከዚያ ደወልኩ፤ አታነሳም። ደገምኩ። ሙሽራ ስልክ ይዛ ትዞራለች እንዴ? ሬዲዮንስ በዚያ ሁሉ ዘፈን መሀል ማን ይሰማዋል?

መንጠቆው ሜዳው ላይ ሲያርፍ ምስሉን እያየሁ ነበር። ማየት ብቻ።

ቆይቶ ስልኬ ጮኸ።

"ድንኳኑ ሄደልሽ" አለች እህቴ፤ "ብቻውን ግን።" እየሳቀች ነው።

"ሰዉስ?"

"ሜዳው አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነን። ማንም አልተነካም።"

"ማስጠንቀቂያውን ሰማችሁ?"

"የምን ማስጠንቀቂያ? ምሳ ቀረበ፣ አንቺ የለሽም። እሷ ከድግስ ከቀረች ሰማዩ ላይ አንድ ጉድ አለ ብዬ እንግዳውን በሙሉ ከነሳህኑ አስነሳሁት።"

እዚያው ቢሮ ውስጥ እልል አልኩ። አለቃዬ "ያልፋል" ከወንበሩ ዘለለ።