ማዶ የቀረው ሙሽራ

ሬጅ ማሰት አንድ የሚንቀው ነገር ቢኖር የቴምዝ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት አፍ ማዶ ያለው የኬንት አውራጃ ነው። እሱ ወዲህ ማዶ በኤሴክስ፣ ኦይስተር የሚባለውን ባለቅርፊት የባሕር ሲሳይ እያረባ ለለንደን ሲሸጥ ኖሯል። «የኤሴክሱን ሮማውያን እንኳን አስጭነው ይወስዱት ነበር፤ የኬንቱ ቅርፊት ብቻ ነው!» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። ታዲያ ሴት ልጁ ሂላሪ የኬንት ኦይስተር አርቢ ካላገባሁ ስትል ጉድ ፈላ። የብርዱን ወራት ሙሉ ሲያላግጥባት ከረመ።

የሰርጉን ሰዓት የቆረጠው ግን ራሱ ነው። የሚኖሩባት መርሲ ደሴት ናት፤ ያላት አንድ መንገድ ባሕሩ በደንብ ሲሞላ ይሰጥማል። ሬጅ በጥር ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚወርድበትን ሰዓት የሚያሳየውን ሰሌዳ አየና፣ «አምስት ሰዓት ላይ ይምጡ፤ ውሃው ወርዶ ይጠብቃቸዋል» አለ።

በመጋቢት መጨረሻ፣ በሰርጉ ጠዋት፣ ከመንገዱ ወዲያኛው ጫፍ ስልክ ተደወለ። ሙሽራው ኮሊንና እናቱ ደርሰዋል፤ መንገዱ ግን የለም።

«አባዬ፣ ሆን ብለህ ነው አይደል?» አለች ሂላሪ፣ ቬሎዋን እንደለበሰች።

«እኔ? እኔ እኮ...» ያኔ ትዝ አለው። ባለፈው እሁድ አገሩ ሁሉ ለበጋው ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍቷል፤ ሰሌዳው ግን በብርዱ ወራት ሰዓት እንደተጻፈ ይቀራል፤ አንዷን ሰዓት ሰው ራሱ መጨመር አለበት፤ ውሃው የሚወርደው ለካ በስድስት ነው። ሬጅ ጀልባው ላይ ውሃውን እንጂ ሰዓት አይቶ አያውቅም። ተሳሳትኩ ቢል የወደቡ ሰዎች ዕድሜ ልኩን ይስቁበታል። ዝም አለ።

ሂላሪ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ያን ማየት አልቻለም። በሙሉ ልብሱ ጀልባው ላይ ዘሎ ወጣና ማዶ ተሻገረ።

«እኛ አገር መንገድ አይሰምጥም፣ ሚስተር ማሰት» አሉት የኮሊን እናት፣ ኮፍያቸውን ይዘው ሲሳፈሩ። ሬጅ ጀልባውን ወደ ደሴቷ መለሰው።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ሬጅ ፊታቸው ቆመ። «ሰዓቷን መጨመር ረስቼ ነው! እኔው ነኝ የተሳሳትኩት!»

ሳቁ አካባቢውን አናወጠው። «ኧረ በል! ከእንግዲህ ሙላቱን ኬንቶች ይንገሩህ!» አለ አንዱ ጓደኛው፣ ሆዱን ይዞ።

ሂላሪ ግን አልሳቀችም። «ቅድም ዝም ያልከው ይሄን ሳቅ ፈርተህ ነው? ከኔ እንባ ይልቅ?»

«አዎ፣ ልጄ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እንግዲያው ቀጥ በልና ዳረኝ» አለችው፣ ጭቃ የነካውን ክንዱን እየያዘች።