የጀቤሳ በርጩማ

ሸኩር መንገድ ላይ የሚቆም ሰው አይደለም። ከሰቃ አጋሮ፣ ከአጋሮ ገነት ቡና ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው፤ ተሳፋሪ ሆዴን ቆረጠኝ ቢለው እንኳ "ጅማ ስንደርስ" የሚል፣ ጎማ ሲፈነዳበት ጎማውን የሚቆጣ። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት ከሊሙ ገነት ወጥተው ብዙም ሳይርቁ ፒክአፑን ዳር አስይዞ፣ "ፍሬ፣ ነይ ውረጂ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ" ሲላት፣ ፍሬሰላም አባቷ መሞቱን አወቀች።

አላለቀሰችም። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ድንገት ዝም እንደሚለው፣ ውስጧ የነበረው ድምፅ ሁሉ ዝም አለ። ቀበቶዋን ፈታች፣ በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ ወረደች። ስድስት ወሯ ነው።

የሚታየው ነገር ሱቅ ጣሪያ ላይ የተሰቀለች ቮልስዋገን ነበረች። አብዱልሃዲ የሚባሉ ባለሱቅ ሞተሯ ነክሶ የቆመችባቸውን መኪና መሸጡም መጣሉም አልሆንላቸው ቢል፣ የመንደሩን ጎረምሳ አሰባስበው ቆርቆሮው ላይ አሰቅለዋታል። አሁን ዶሮዎች ያድሩባታል። ባለቤቱ በየሳምንቱ መሰላል አቁመው ወጥተው መስተዋቷን ይወለውላሉ አሉ። የሚነዳት የለም፤ ግን መወልወሏ አልቀረም።

"አይገርምም?" አለ ሸኩር። መኪናዋን እንጂ እሷን አያይም።

"ይገርማል።"

"አላህ ለሁሉም የየራሱን ዕብደት ሰጥቶታል።"

"ሸኩር፣ አባባ ደህና ነው?"

ሸኩር ጉሮሮውን ጠረገ። "አልሐምዱሊላህ" አለ።

ጎረቤት ሆነው አብረው ነው ያደጉት፤ አመሉን ታውቀዋለች። ሸኩር ውሸት አይሆንለትም። ልጅ እያሉ ማንጎ ሰርቀው ሲያዙ መጀመሪያ የሚያምን እሱ ነበር፣ መጀመሪያ የሚገረፍም እሱ። ደህና ነው ማለት ውሸት ነው፣ ሞተ ማለት ክልክል ነው፤ አምላክን ማመስገን ግን በክፉም በደጉም ቀን ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ሌላ መልስ አላገኘችም።

ነገሩን ወደ ኋላ ሄዳ ስታስበው ሁሉም ነገር ግልጽ ነበር። አባቷ ጀቤሳ አናጢ ነው፤ ሁልጊዜ ወርክሾፑን ሳይከፍት በፊት ይደውልላታል፣ ዛሬ አልደወለም። ትናንት ማታ የደወሉት እትዬ ሙሉእመቤት ናቸው፣ የአባቷ ታላቅ እህት። "የኔ ልጅ፣ ትንሽ መጥተሽ ረፍ በዪ፤ ጠዋት ሸኩር ይመጣልሻል" አሉ፤ ቀጥለውም ስልክ ለነፍሰ ጡር እንደማይበጅና ማጥፋት እንዳለባት መከሯት፤ እሷ ግን አላጠፋችውም። እትዬ ሙሉእመቤት ስልክ ምን እንደሚያደርግ የማያውቁ፣ ሲደወልላቸው ገልብጠው የሚያነሱ ሴትዮ ናቸው።

ለሆዷ ብለው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እናቷ ስትሞት ሮጣ ደርሳ ነበር፤ ግቢው በር ላይ ለቅሶውን ስትሰማ ወደቀች። እናቷ ስትቀበር እሷ ጅማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ የመጀመሪያዋን ፅንስ ያጣችውም ያኔ ነው። አፈር እንኳ አልጣለችም። አባቷ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ብርቱካን ሲልጥላት፣ "አንተን ግን እኔ ነኝ የማለብስህ፤ በእጄ ነው አፈሩን የምጥልብህ" ብላው ነበር። እሱም ሳቀባት። "እሺ፣ እንግዲህ እንዳትዘገዪ" አለ።

ትናንት ማታ ያረፈ ሰው ዛሬ ከሰዓት ይቀበራል። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ምን እንዳሉ ሳትሰማው ሰማችው፦ ቀብሩ እስኪያልፍ መንገድ ላይ ትቆይ፣ ትብላ፣ ትተኛ፣ ንጋት ላይ እንነግራታለን። መርዶ እንደዚያ ነው የሚነገረው። በር ይንኳኳል፣ እትዬ ሙሉእመቤት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት ይገባሉ፣ ከዚያ ማንም መናገር አያስፈልገውም።

ከምትኖርበት ከገነት እስከ አባቷ ከተማ ሰቃ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም። "አውቄያለሁ፤ ንዳው" ብትለው ትደርሳለች። ይህን አሰበችና የመኪናውን በር ዘጋች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ ምንም አልተናገረችም።

አጋሮ ላይ ጥብስ አዘዘላት። እሱ ውሃ ብቻ ጠጣ።

"ብዪ እንጂ፣ ማሎ፣ እባክሽ።"

"እየበላሁ ነው።"

"ይቺንም ብዪ።"

መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ ይመገባል፤ በኋላ እህል ስለማይወርድለት። ፍሬሰላም ሁሉንም በላች። ምን ምን እንደሚል አላወቀችም፤ ጨው ይኑረው አይኑረው ቢጠይቋት መልስ የላትም። ሸኩር ባዶውን ሳህን አይቶ ዓይኑ ውሃ ሞላ፣ ወዲያው በርበሬው ነው ብሎ አስተናጋጇን ተቆጣ። በርበሬውን አልቀመሰም።

ከአጋሮ ወደ ጅማ ሲወጣ ዛፍ የዋጠው የጭነት መኪና አለ። ማን ጥሎት እንደሄደ የሚያስታውስ የለም። የዋርካ ችግኝ በመስኮቱ ገብቶ በጣሪያው ወጥቶ፣ ዛሬ መሪው ግንዱ ውስጥ ተቀብሮ ግማሽ ክቡ ብቻ ይታያል። ሾፌሮች ሲያልፉ ክላክስ ያደርጋሉ፤ ያላደረገውን ፍሬን ይከዳዋል ይባላል። ሸኩር እንዲህ ዓይነቱን ወሬ በሰማ ቁጥር "አስተግፊሩላህ" የሚል ሰው ነበር። ዛሬ ቆመ፣ ወረደ፣ እንደ አስጎብኚ ዛፉን ዞረው።

"መሪውን ንኪው እስቲ" አላት።

ነካችው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። አባቷ ቢያየው እንጨቱን ነበር የሚነካው፤ "ስንት በርጩማ ይወጣዋል" ብሎ በዓይኑ ይለካው ነበር። ይህን ስታስብ ማልቀስ ያለባት መሰላትና ጠበቀች። ምንም አልመጣም።

ጅማ ሲገቡ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ሸኩር መስጊድ አጠገብ አቁሞ "ዙህር ልስገድና ልምጣ" አለ። ያቆመው የሰቃ ሚኒባሶች የሚጫኑበት ቦታ ፊት ለፊት ነው። ቁልፉን ትቶላት፣ መስኮቱን ከፍቶላት ሄደ።

"ሰቃ! ሰቃ! አንድ ሰው!" ይላል ረዳቱ። ሆዷን አይቶ ድምፁን ቀነሰ። "እህቴ፣ ሰቃ ነሽ? ኮቱ፣ ነይ፣ የፊቱን ወንበር እለቅልሻለሁ።"

አንድ ቦታ ነበር። ብትገባበት ሰቃ በጊዜ ትደርሳለች፤ ሬሳው ገና ከቤት ሳይወጣ። እጇ የበሩን መክፈቻ ይዟል። መሳብ ብቻ ነው የቀረው። አልሳበችውም። ፈራች፤ ሌላ ስም የለውም። ለልጇም ፈራች፣ ለራሷ ግን ይበልጥ ፈራች። ሚኒባሱ ውስጥ ከገባች አባቷ የሞተ ሰው ነው። እዚህ ሸኩር መኪና ውስጥ ግን አባቷ አልሐምዱሊላህ ነው። ጣሪያ ላይ የተሰቀለች መኪና፣ የዋርካ ዛፍ፣ ሌላም ካለ ሌላ፤ ማየቱን እስካላቆሙ ድረስ አልሞተም።

"ቆይ፣ ሰው እየጠበቅሁ ነው" አለችው። ሚኒባሱ ሞልቶ ሄደ።

ሸኩር ስግደቱን አስረዝሞ ነበር። ተመልሶ መኪናው ውስጥ ሲያያት ደስም አላለው፣ አልተከፋም። መሪውን ይዞ ቁልፉን ሳያዞር ተቀመጠ።

"የሰቃ መኪና ሞልቶ ነበር?" አለ በመጨረሻ።

"አንድ ቦታ ነበረው።"

"በኛ ቢሆን..." ብሎ ጀመረና ተወው። በእነሱ በሙስሊሞቹ ቢሆን ሟችም ለመቀበር፣ ኗሪም ለመስማት አይዘገይም፤ ይህን ሊል እንደነበር ገባት። ቁልፉን አዞረ። "ጉማሬ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላየሁም።"

"ቦዬ ሐይቅ እንሂዳ። ጉማሬ አለበት።"

ቦዬ በአዲስ አበባ መንገድ ነው፤ ሰቃ ደግሞ በሌላው አቅጣጫ። ጅማ የኖረ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሁለቱም ይህን እያወቁ ፒክአፑን አዙረው፣ ጀርባቸውን ለሰቃ ሰጥተው ሄዱ።

ውሃው ዳር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልካቸውን ደቅነው ቆመዋል። ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው፣ በአነጋገራቸው ያስታውቃሉ። "ኧረ ውጣ በናትህ፣ ክላስ አለን" ይለዋል አንዱ ጉማሬውን። ጉማሬው አልወጣም። ሸኩር ከመኪናው ጆንያ አውርዶ ሣሩ ላይ አነጠፈላት። "ታኢ፣ ተቀመጪ" አላት። ተቀመጠች። ውሃው ጭቃማ ነው፣ ወፎች አሉበት፣ ደመና አልፎበታል። ጥላቸው ቀስ እያለ ረዘመ። እግሯ ደነዘዘ፣ ግን አላነሳችውም። ሁሉ ነገሯ ደንዝዞ ሳለ እግሯን ብቻ ማንቃቱ ምን ያደርግላታል።

አንዴ ሸኩር ሰዓቱን አየ። ቀኑን ሙሉ ሲያየው ነበር፤ አሁን ግን አይቶት እጁ ወደቀ፣ ትከሻው ወደቀ። ፍሬሰላም ገባት። አሁን ቄሱ ጨርሰዋል። አሁን ሰዉ ወደ ቤቱ ዞሯል።

ያን ጊዜ ተማሪዎቹ ጮኹ። ሁለት ጆሮና አንድ አፍንጫ ውሃው ላይ ብቅ ብለው ነበር፤ እሷ ዞር ስትል ክብ ክብ ሞገድ ብቻ ቀርቷል።

"አየሽው?" አለ ሸኩር።

"አላየሁትም።"

"እንሂድ?"

"እንሂድ።"

ወደ ሰቃ ዞሩ። ከተማው ሲቀርብ ሸኩር ፍጥነት ጨመረ፤ ለምን እንደጨመረ ታውቃለች። መግቢያው ላይ፣ ወርክሾፑ ፊት ለፊት፣ የጀቤሳ በርጩማ ቆሟል። ከአንድ የዋንዛ ግንድ ፈልፍሎ የሠራው ነው፤ ባለ ሦስት እግር እንደማንኛውም የጅማ በርጩማ፣ ቁመቱ ግን ከሰው በላይ። ለማስታወቂያ ነበር ያቆመው፣ ኋላ ግን መንገደኛው ሁሉ መኪና እያቆመ ፎቶ ይነሳበት ጀመር። ጀቤሳ ሥራውን ጥሎ ይወጣል፣ መሰላሉን ያቆማል፣ ሰውየው ወጥቶ አናቱ ላይ እስኪቀመጥ ከታች ሆኖ መሰላሉን ይይዛል፣ ከየት እንደመጣም ይጠይቃል። የማያውቀው አገር ስም ሲሰማ ቤት ገብቶ ይነግራቸዋል። ሸኩር ግሳንግሱን ሁሉ ሲያሳያት ውሎ ይህንን በሙሉ ፍጥነት አለፈው።

"ሸኩር" አለችው። "ይሄንንስ አናየውም?"

ከወርክሾፑ ብዙ አልፎ ነው የቆመው። ፍሬኑ ጮኸ። ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ፣ አልተነሳም። በሩን ራሷ ከፍታ ወረደች፣ ወደ ኋላ በእግሯ ተመለሰች። ሸኩር ቆይቶ ተከተላት።

ወርክሾፑ ዝግ ነው። በርጩማው አለ። መሰላሉ የለም፤ ሁልጊዜ የሚደገፍበት ቦታ እንጨቱ ተልጦ ነጥቷል። ከሥሩ አባቷ ለመሰላሉ ግራ እግር የሚያስገባት ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቻዋን ቀርታለች።

"መሰላሉ የት ሄደ?"

ሸኩር አልሐምዱሊላህ አላለም። የዕድሩ ቃሬዛ እግሩ ተሰብሮ ጋሽ ጀቤሳ እንዲጠግኑት ወርክሾፑ መጥቶ ነበር፤ ሳይጨርሱት ቀሩ፤ አሁንም እዚያ ውስጥ በከፊል ተላግቶ ተኝቷል፤ ሬሳቸው የወጣው በመሰላሉ ነው። ይህን ሁሉ ሊነግራት አፉን ከፈተ። የወጣው ግን አንድ ቃል ነው።

"ይመለሳል።"

ተመለሰም። ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ሁለት ሰዎች መሰላሉን በትከሻቸው ይዘው ብቅ አሉ፤ ዳባና ገላና፣ የወርክሾፑ ሠራተኞች። መሰላሉ ባዶ ነው። መሬት መሬቱን እያዩ ነበር የሚመጡት፤ ቀና ሲሉ በርጩማው ሥር ቆማ አገኟት። ዳባ ቆመ። ነገ ንጋት ላይ ምን እንደሚባል ሁሉም ተማክሯል፣ ዛሬ እዚህ ብታገኛቸው ምን እንደሚባል ግን ማንም አልተማከረም። ስለዚህ ሌላ ነገር ቢያጡ መሰላሉን ቦታው ላይ አደገፉት።

"ግራ እግሩ ይወዛወዛል" አለች ፍሬሰላም።

ጎንበስ አለች፣ ሆዷ እየከበዳት፣ ድንጋይዋን ከሥሩ አስገባች። ነቅነቅ አድርጋ ያዘችው። ያን ጊዜ ነው ያየችው፤ መወጣጫውና ቋሚው የሚገናኙበት ጥግ ላይ ቀይ አፈር ተጣብቋል፣ ገና እርጥብ ነው። በጥፍሯ ፈቀፈቀችው። ሁሉንም ጥግ አዳረሰች። ሁሉ ተደምሮ እፍኝ አልሞላም። የምትጥልበት ጉድጓድ ተደፍኗል። ጨብጣው ቆመች።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለ ሸኩር ከኋላዋ፣ ሞት ሲሰማ የሚባለውን፣ ቀኑን ሙሉ ጥርሱ ሥር ይዞት የዋለውን ቃል። ድምፁ ተሰበረና እንደ ልጅ አለቀሰ።

"ዘገየሁ" አለች ፍሬሰላም ለበርጩማው። "አባባ፣ ቦታ ነበር። አንድ ቦታ ነበር።"

ከዚያ ልትወድቅ ስትል ሦስቱም ሮጠው ያዟት። እጇን ሊያቃኑላት ሞከሩ። ጭብጧን አልከፈተችላቸውም።