የክብሪቷ ቁመት

አውሮፕላን ላፍቶ ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ቀና ብሎ የሚያየው እንግዳ ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰው ወሬውን ገታ አድርጎ ድምፁ እስኪያልፍ ይጠብቅና ካቆመበት ይቀጥላል። ሸጊቱም እንደዚያው ነበረች። ባሏ የአውሮፕላን መካኒክ ይሁን እንጂ እሷ ሰማይ ሰማይ የምታይ ሴት አልነበረችም። ደገፋ መቼ እንደሚመጣ የሚነግራት ሌላ ነገር ነበራት፤ እሱም ክብሪት ነው። አዎ፣ ክብሪት። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ፤ እሷ ግን በዚያ ዓመት ከእግዜር ቀጥላ የምታምነው ክብሪት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ላይ፣ የምፅዋ ወደብ ተያዘና ለአስመራ የሚያስፈልገው ሁሉ በአውሮፕላን ይግባ ተባለ። የአቶ ዲንሳን ልጅ ደገፋን ከአንድ የጭነት አውሮፕላን ጋር አሰብ መደቡት። አውሮፕላኑ ከአሰብ አስመራ ሲመላለስ ይውላል፤ ደገፋም አብሮት ይበራል፣ ሲያርፍ ከሥሩ ይገባል፣ ሲመሽ እዚያው አሰብ፣ በዚያ እሳት በሆነ ሙቀት፣ ጎኑን ያሳርፋል። አውሮፕላኑን ጥሎ ወደ ቤቱ ብቅ ማለት አይችልም፤ የሚተካው ሰው የለማ። ሸጊቱና እሱ ደግሞ የጥር ሙሽሮች ነበሩ፤ የሠርጉ ዳስ ቅጠል ገና በቅጡ አልደረቀም።

ሊሄድ ሲል ከኪሱ ቀጭን ብረት አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። ከአሮጌ የአውሮፕላን ፍሬን የወጣ ፒን ነው። ፍሬን ማለት፣ አላት፣ እንደ ሳህን የተደራረበ ክብ ብረት ነው፤ ካፒቴኑ ሲረግጠው ብረቶቹ ይጣበቁና ጎማውን ይይዙታል፣ በያዙት ቁጥርም ይበላሉ። ምን ያህል እንደተበሉ ከውጭ አይታይም፤ የሚናገረው ይህ ፒን ነው። ብረቶቹ በሳሱ ቁጥር ወደ ውስጥ ይገባል። ጫፉ ከታቀፈበት ብረት እኩል ሲሆን ፍሬኑ አልቋል፣ አውሮፕላኑ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ይለወጥለታል። አዲስ ፍሬን ላይ ፒኑ ልክ የአንድ ክብሪት ቁመት አለው።

«ፒኑ ሲያልቅ አብሬው እመጣለሁ» አላት። «ለሱ የቀረው ነው ለኔም የሚቀረኝ።»

በደብዳቤ እንዳይነግራት ጊዜው ጊዜ አልነበረም። ደብዳቤ ይከፈታል፤ የአውሮፕላን ፍሬን ሊያልቅ ነው ብሎ የጻፈ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ ደግሞ ነቢይ መሆን አያሻም። ክብሪትን ግን ማን ይጠረጥራል? ምትኩ የሚባል የመካኒሳ ልጅ፣ የደገፋ ጓደኛ፣ በሌላ አውሮፕላን ላይ ጭነት ተቆጣጣሪ ነበርና አዲስ አበባ ይመላለሳል። ደገፋ አንድ ሰው ጋቢና አውጥቶ ፍሬኑን ያስረግጣል፤ ሳይረገጥ የተለካ ፒን ይዋሻል፣ የሌለ ዕድሜ ያሳያል። ከዚያ የክብሪት እንጨት አጠገቡ ያቆምና በፒኑ ልክ ይሰብራታል። ምትኩ ሰባራዋን ከሙሉዎቹ ጋር በክብሪት ሣጥኑ ከቶ፣ ሲጋራውን እያቦነነ፣ ፍተሻውን ሁሉ አልፎ ላፍቶ ያደርሳታል።

የመጀመሪያዎቹ ክብሪቶች አንጀት የሚያሳርሩ ነበሩ። ጭንቅላታቸው ብቻ ነው የጎደለው። ካፒቴኑ፣ ምትኩ እንደነገራት፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ማኮብኮቢያውን ከዳር እስከ ዳር ይጠቀሙበትና ፍሬኑን እንቁላል እንደሚረግጥ ሰው ነካ ነካ ብቻ ያደርጉታል። መካኒኮቹ በዚህ ያመሰግኗቸዋል። ሸጊቱ ግን ዓይናቸውን እንኳ ያላየቻቸውን ሰውዬ ጥምድ አድርጋ ያዘቻቸው። ምናለ ረገጥ ቢያደርጉት፣ ከአባታቸው ነው የወረሱት እንዴ፣ እያለች ለአማቷ ታማርራለች። አቶ ዲንሳ የገበሬ ማኅበሩ የተወላቸውን ቁራሽ መሬት ሲኮተኩቱ ውለው ሲገቡ ይህን ስሞታ መስማት ለምዶባቸዋል። «ኢንተላ ኮ» ይሏታል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «የባሏ ፍሬን ይለቅ ብላ የምትመኝ ሴት አንቺን አየሁ»። እሷም ትስቅና ከአፍታ በኋላ መልሳ ትቆዝማለች።

እርጉዝ መሆኗን ያወቀችው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ያንንም ያደረሰለት ምትኩ ነው። ደገፋ ወሬውን ሲሰማ ከጎማው ሥር ብድግ ብሎ አናቱን ከአውሮፕላኑ ሆድ አጋጨው አሉ፤ ግንባሩ አብጦ ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ውሎ፣ ልጁ ከመወለዱ በፊት እደርሳለሁ በልልኝ ብሎ ላከባት። ከዚያ ወዲያ ሸጊቱ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ልጁ ሕዳር ላይ ነው የሚጠበቀው። ፒኑ ከሕዳር በፊት ያልቃል ወይስ አያልቅም? ይኸው ነው ጭንቋ። ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን የሥራ ቱታውን አላጠበችውም፤ ማታ ማታ ፊቷን ትቀብርበትና የዘይቱን ሽታ ትስባለች። ናፈቃት፣ በቃ። ሌላው ሴት ሽቶ እንደምትወደው እሷ የዚያን ቱታ ሽታ ወደደች፤ እያለቀባት ሲሄድ ደግሞ ታለቅሳለች።

በሰኔ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሳመችና ተሳለች። ያን ፍሬን ቶሎ ጨርስልኝ፣ ጃንጥላ አስገባልሃለሁ አለች። ከአጠገቧ ቆመው ስለ ልጅና ስለ ጤና የሚማጸኑ ሴቶች ሰምተዋት ከሆነ ምን እንዳሉ እንጃ።

ሚካኤልም ሰማ። ከሐምሌ ጀምሮ ክብሪቶቹ ማጠር ያዙ። አንዱ ከሌላው ጎላ ብሎ ያጥራል፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ በተርታ ስትደረድራቸው ልጅ የሠራው መሰላል ይመስላሉ። ሸጊቱ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ካፒቴን ተለወጠ እንዴ ብላ ምትኩን ጠየቀችው። ያው ናቸው፣ ሰሞኑን ግን እግራቸው ከብዷል አላትና ውሃ ስጪኝ ብሎ ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞረው። እሷ መቼ ልብ ብላ! እሰይ፣ እግራቸውን ይባርክ ብላ ስትጠምዳቸው የከረመችውን ሰውዬ መረቀቻቸው።

መስከረም ጠብቶ የመጣችው ክብሪት ከጥፍር አትበልጥም። ሸጊቱ ያንን ሆድ ይዛ ቤቱን ኖራ ቀባች። አቶ ዲንሳ ሙክቱን ከመስክ አስገብተው ጓሮ አሰሩት፤ እሳቸውም አፋቸው ይሳቅ እንጂ ልጃቸው ናፍቋቸው ነበር። ጃንጥላውም ከመርካቶ ተገዛ፤ ቀይ ከፋይ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ ዘርፍ። አልጋው ሥር ሆኖ ቀኑን ይጠብቃል።

ጥቅምት ማለቂያው ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ምትኩ በመስኩ አቋርጦ መጣ። ሸጊቱ ከሩቅ አየችው፤ ዓይኗ ግን ከኋላው የሚመጣውን ነበር የሚፈልገው። ማንም አልነበረም። ደገፋ ሃንጋር ውስጥ አውሮፕላኑን ሊያስረክብ ቀርቶ ይሆናል ብላ ራሷን ደለለች። ምትኩ ሰላም ብሎ ተቀመጠና የክብሪት ሣጥኑን አቀበላት። ሌላ ጊዜ ሰባራዋን እሱ ራሱ ለቅሞ ነበር የሚሰጣት።

ከፈተችና ነጠላዋ ላይ ዘረገፈችው። በጣቷ እየገፋች ትንሿን ፈለገች። አሁንማ አሸዋ ታህላለች ብላ አንድ በአንድ አየች። ሣጥኑን ገልብጣ መታ መታ አደረገችው። ሁሉም ሙሉ፣ ሁሉም ባለ ጭንቅላት ናቸው።

«የታለች?» አለችው።

ምትኩ ሲጋራ አወጣና ሳይለኩሰው መልሶ ከተተው። ያኔ ነው ነድዳ የወረደችበት። ሲጋራህን ለኩሰህባት ነው፣ አንተ ደግሞ ለሱስህ ስትል እናትህንም ታነድዳለህ፣ ስንት ቀን ጠብቄያት አንተ ጭስ አደረግካት አለችው። ምትኩ አልተቆጣም፤ አንገቱን ደፍቶ እስክትጨርስ ጠበቃት።

«አልጠፋችም፣ ሸጊቱ» አላት። «ካሉት ማንኛዋንም አንሺ።»

አልገባትም። ቀጥሎ ገባት። እጇ ክብሪቶቹ ላይ እንዳለ ቀረ።

ምትኩ ከዚያ በኋላ የደበቀውን ሁሉ ተነፈሰ። አስመራ ማኮብኮቢያው በመድፍ ይመታል። ከሐምሌ ወዲህ ግማሹ ተቆፍሮ፣ አውሮፕላን ካረፈ በቀረችው አጭር መንገድ ላይ በግድ ፍሬን ይዞ መቆም አለበት፤ ካልቆመ ጉድጓድ ነው፣ ከዘገየም ይመታል። እንቁላል እንዳይሰበር ይረግጡ የነበሩት ካፒቴን ባለ በሌለ ኃይላቸው መርገጥ የጀመሩት ያኔ ነው። ደገፋ ፒኑ አለቀ ብሎ ተናግሯል፤ ጥቂት ይቆይ፣ እህሉ ይድረስ እየተባለ ተራዘመ። መጨረሻ ላይ አስመራ ሲያርፉ ፍሬኑ አልያዝ ብሎ፣ አውሮፕላኑ ተንሸራቶ ተንሸራቶ አፍንጫው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። በዚያ ፍሬን አዲስ አበባ ድረስ ማን ያበርረዋል! እናም አዲሱ ፍሬን በሣጥን፣ ከነክሪኩ፣ ወደ አስመራ ተላከለት። ጭኖ የወሰደው ምትኩ ራሱ ነው።

ሸጊቱ ስታዳምጥ ዓይኗ መስኮቱ ደፍ ላይ ነበር። ክብሪቶቹ እዚያው በተርታ አሉ። በሐምሌ የመጣችውን አየቻት፣ ጎረቤት እስኪሰማ እልል ያለችላትን። የነሐሴዋን አየቻት፣ በደስታ ገላዋን የታጠበችላትን። ያቺ ያጠረችው ለካ እንዲያ ሆና ነው። እሱ እዚያ ውስጥ ሆኖ ሞት አፉን ሲከፍትበት እሷ እዚህ ትደልቅ ነበር።

«የገጠመው እሱ ራሱ ነው?»

«እሱ ራሱ። ከላይ እየተተኮሰ፣ ከጎማው ሥር ተኝቶ» አላት ምትኩ። ደገፋ የመጨረሻውን ብሎን ካጠበቀ በኋላ እጁን ጠረገ። ከዚያ ምትኩን ጋቢና አውጥቶ አስረገጠውና ክብሪቱን ከፒኑ ጎን አቆመ። የሚሰበር አልነበረውም። አዲሱ ፍሬን ጥሩ ይይዛል በላት፣ ሌላ አትንገራት አለው። ምትኩ ግን እንዲያ ብቻ ብሎ መሄድ አልሆነለትም፤ እሱም ሰው ነው።

ሸጊቱ ክብሪቶቹን ወደ ሣጥኑ መለሰች። አንዷን አስቀረች። እያለቀሰች ነበር፤ እንባዋን ግን አልጠረገችውም፣ እጇ ሥራ ይዟል። ከነጠላዋ ጫፍ ቁራጭ ጥለት ቀደደችና ክብሪቷን በደንብ ጠቅልላ ለምትኩ ሰጠችው።

«ይችን መልስለት። ሳትሰበር ትቆይልኝ በልልኝ።»

ምትኩ ክብሪቷን ይዞ ግራ ገባው። «ካልተሰበረች እኮ አይመጣም» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው።

ሕዳር ሚካኤል ሰፈሩ እንደ ልማዱ ቆሻሻውን እያቃጠለ በጭስ ታፍኖ ዋለ። አቶ ዲንሳም የጓሯቸውን ገለባና ጥራጊ ሰብስበው፣ ምትኩ በተወው ክብሪት እሳት ለቀውበታል። ሸጊቱ ልትወልድ የተቃረበ ሆዷን አስቀድማ፣ ቀዩን ጃንጥላ ታቅፋ ከቤት ወጣች። አማቷ አዩዋትና መንሻቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። ሙክቱ እዚያው ጓሮ እንደታሰረ ነው።

«ምነው ኢንተላ ኮ፣ ስለትሽ ሳይደርስ?» አሏት።

«ደርሷል አባባ» አለች። «ፍሬኑን ጨርስልኝ ነበር ያልኩት። ጨረሰልኝ።»

አቶ ዲንሳ እሳቱን በአፈር አዳፈኑና እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ጃንጥላውን ተቀበሏት፤ መንገዱ ድንጋያማ ነበርና ቀስ እያሉ ከፊቷ ሄዱ።