ክፍት የተገኘው በር

ሃምሳ አለቃ ሮዝሊን ቲግ ስለ ገጠር ማውራት ከጀመረች የሚያስቆማት አልነበረም። ከባሕሩ ዳር ካለው ጦር ሰፈር ተነሥተው ወደ አውስትራሊያው ምዕራብ ኩዊንስላንድ ከዘለቁ ጀምሮ፣ ላንድክሩዘሩን የሚነዳውን የአስር አለቃ ታሶስን ጆሮ አላሳረፈችውም። የትኛው ሣር ከብት እንደሚያወፍር፣ የትኛው ደመና ውሸታም እንደሆነ፣ ከመንገድ ዳር የቆመ ካንጋሮ ወዴት እንደሚዘል፣ የማታውቀው ነገር የለም። አባቷ እዚያው አካባቢ ከብት አርቢ ነበር። ርስቱ በድርቅ ሰበብ ቢሸጥም ኩራቱ አልተሸጠም፤ አንድም ሳይጎድል ለልጁ ተላልፏል።

ታሶስ የሜልበርን ሰው ነው፤ ወላጆቹ ዓሣ ጠብሰው ይሸጣሉ። ላም የሚያውቃት ወተት ማሸጊያ ላይ ተሥላ ነው እያለች ታሾፍበት ነበር። እሱም ላሟ ማሸጊያው ላይ ስትሆን ዝንብ የላትም፣ በዚያ ትሻላለች ብሎ ይመልስላታል። ሲቀለድበት የማይከፋው፣ የነገሩትን የሚይዝ ሰው ነበር፤ ጣጣውም ያ የነገሩትን መያዙ ነው።

ሥራቸው ከባድ አይደለም። ለመጪው ዓመት የጦር ልምምድ ትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች የሚያልፉባቸውን መንገዶችና የወንዝ መሻገሪያዎች አይቶ መመለስ ነው። መንገዱ ግን በከብት አርቢዎች መሬት ውስጥ ስለሚያልፍ በየጊዜው የአጥር በር ያጋጥማል። በዚያ አገር ደንብ በር ለመክፈት የሚወርደው ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ነው። ማዕረግ አይጠየቅም፤ ጄኔራልም ቢሆን ወርዶ አቧራውን ይቅማል። ሁለተኛው ደንብ ከመጀመሪያው ይጠነክራል፦ ክፍት ያገኘኸውን ክፍት፣ ዝግ ያገኘኸውን ዝግ አድርገህ እለፍ። ሮዝሊን ይህን ለታሶስ እንደ ዳዊት ስታስደግመው ነው የሰነበተችው።

ክላይቭ ሆጋርት ከሚባለው አርቢ መሬት ሲደርሱ አንዱ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኙት። ያን ቀን ጠዋት ተጎታች ቤት የሚስቡ ቱሪስቶች አቧራ አልብሰዋቸው አልፈው ነበርና፣ ሮዝሊን የቱሪስትን ዘር ስትረግም ነው ያረፈደችው። ታሶስ በሩን አልፎ ሊቀጥል ሲል አቁም አለችው።

“ክፍት ያገኘነውን ክፍት አላሉኝም?” አላት።

“ይሄ የቱሪስት ሥራ ነው። ክላይቭን አውቀዋለሁ፣ የአባቴ ወዳጅ ነው። በሩን በርግዶ የሚሄድ ሰው አይደለም።”

“እንተወው ሃምሳ አለቃ። ደንቡስ?”

“ደንቡ ለማያውቅ ሰው ነው።”

ወረደች፤ ዘጋችው፤ ሰንሰለቱንም ጠምጥማ አጠበቀችው። እጇን አራግፋ ስትመለስ ደግ ሥራ የሠራ ሰው ደስታ ፊቷ ላይ ነበር። ያወቁ ናቁ የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሥራቸውን ጨርሰው በዚያው መንገድ ሲመለሱ ሙቀቱ ብሶበት ነበር። በሩ ሳይታይ ሽታው ቀድሞ መጣ። ታሶስ መስኮቱን ሊዘጋ እጁን ሰደደና ተወው። ከብቶቹ አጥሩን ተደግፈው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ወድቀው ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ማዶ፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት፣ ውሃ የሞላ ገንዳ ይታያል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባል የለ፤ እነዚህ ውሃውን እያሸተቱ ነው ያለቁት። በሩ አሁን ተከፍቷል፤ መቆም የቻሉት ገንዳው ላይ ተደፍተዋል። መነሣት ያቃታቸውን ክላይቭ በጠመንጃ እየዞረ ያሳርፋቸዋል።

ሮዝሊን ከመኪናው ወረደች። ማንም ሳይነግራት ገብቷታል። በወዲህኛው መስክ ያለው የውሃ መሳቢያ ተበላሽቶ ክላይቭ መለዋወጫ ከከተማ ይዞ እስኪመለስ ድረስ፣ ከብቶቹ ተሻግረው እንዲጠጡ ብሎ ነው በሩን በርግዶ የተወው። የአርቢ ልጅ ይህን ለመገመት ማሰብ አያስፈልጋትም ነበር። ቱሪስቶቹን ለመርገም ስትቸኩል ገንዳውን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

ክላይቭ አልጮኸም። ዐይኖቹ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልተዋል።

“የሮይ ቲግ ልጅ አይደለሽ?” አላት። “የጎማችሁን ዱካ አየሁት። ከእናንተ ወዲህ በዚህ ያለፈ የለም። ከሹፌሩ ጎን የነበረው ማነው?”

የበሩ ደንብ ስላለ ሌላ መጠየቅ አላስፈለገውም። ጎን የነበረው ወርዷል፣ የወረደው ዘግቷል። ሮዝሊን አፏን ከፈተች። እኔ ነኝ ብትል የሮይ ልጅ ከብት ጨረሰች የሚለው ወሬ በየአርቢው ቤት ይገባል፣ ከአባቷም ጆሮ ይደርሳል። መሬቱን ላጣ ሰው የቀረው ስሙ ብቻ ነበር። ታሶስ ዘወር ብሎ አያት። ጠበቀ፤ እንደገናም ጠበቀ።

“እኔ ነኝ ጌታዬ” አለ በመጨረሻ። “ያን ቀን የሚነዱት ሃምሳ አለቃ ነበሩ።”

“የትኛው ከተማ ነው ያበቀለህ?”

“ሜልበርን።”

“ያስታውቃል።”

ከዚያ ክላይቭ ድምፁን ሳያነሣ ብዙ ነገር አለው። ጭንቅላት ለቆብ መስቀያ ብቻ እንዳልተፈጠረ ነገረው፤ እዚያው አጠገባቸው የሞተች አንዲት ጥጃ አሳየውና ስለዚህች ለእናትህ ንገራት አለው። ታሶስ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰማ። በመጨረሻም ክላይቭ ወደ ላንድክሩዘሩ ጠቆመው፤ እዚያ ውስጥ ተቀመጥ፣ ምንም ነገር እንዳትነካ አለው። ወደ ሮዝሊን ሲዞር ግን ድምፁ ለሰለሰ። ከራሱ መኪና ሁለተኛ ጠመንጃ አወጣና ሰጣት።

“አንቺ የአባትሽ ልጅ ነሽ፣ ታውቂበታለሽ። ብቻዬን አልጨርሰውም።”

ተቀበለችው። ከላም ወደ ላም ስትሄድ፣ ይህችን ላሳርፍና እነግረዋለሁ ትላለች፤ ቀጣይዋ ዘንድ ስትደርስም ያንኑ ትላለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሷ ዝምታ ግን እዚያው በእጇ ላይ እያለ ነቀዘ። ሲጨርሱ ክላይቭ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳላት፣ የጨው ሥጋ ያለበትን ዳቦም ቆርሶ አካፈላት። ወደ መኪናው የላከው ነገር የለም። ታሶስ በዚያ ሙቀት መስኮቱን አውርዶ ተቀምጦ ይታያታል። ዳቦውን ብትተፋው ክላይቭ ምን ነካሽ ይላታል፣ ስለዚህ ዋጠችው።

“ለአባትሽ ሰላም በይልኝ” አላት ሲሰነባበቱ። “ልጅህ ባትደርስልኝ ምን ይውጠኝ ነበር ብሏል በይው።”

በእሺታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች፤ ያ መሬት ግን ለዝናብ እጦት እንጂ ለሰው ኀፍረት አይሰነጠቅም።

ብዙ መንገድ ሄዱ። ከፊት ለፊት ሌላ መኪና መጣና ሹፌሩ እንደ አገሩ ወግ አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ አነሣላቸው። ታሶስም አነሣለት። ሮዝሊን ያቺን ጣት እያየች ልትሸከመው ያልቻለችው ነገር በአፏ ወጣ።

“እንዲህ ማለት አልነበረብህም” አለችው። ተቆጥታ ነበር የተናገረችው፤ ራሷም ሰምታው ደነገጠች።

ታሶስ ዐይኑን ከመንገዱ አላነሣም። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር።

“የሚናገሩ መስሎኝ ነው። ቃሉ እስኪመጣልዎት ለትንሽ ጊዜ ልያዝልዎት ብዬ ነበር” አላት። “ከዚያ ዘገዩብኝ።”

ፊቷ ተቃጠለ። ይህ ሰው እሷን ያመናት ከነገረችው ደንብ በላይ ነበር። ጠመንጃውን ስትቀበልም አምኗታል፤ ሻይ ስትጠጣም ሳይሆን አይቀርም። ስሟን ለማዳን የእሱን ስም እዚያ በድን መካከል ጥላው መጥታለች፤ የሱ ስም ደግሞ ወላጆቹ ዓሣ እየጠበሱ ያሳደጉት ስም ነው።

“አዙረው” አለችው።

አዞረው። ለምን ብሎም አልጠየቃት።

ክላይቭ የሞቱትን በሰንሰለት እያሰረ በመኪናው ሊጎትት ሲዘጋጅ ደረሱ። ሮዝሊን ወርዳ ፊቱ ቆመች፤ ችሎት ፊት እንደ ቀረበ ሰው እጆቿን ጎኗ ላይ አድርጋ።

“በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ” አለችው። “ታሶስ ነበር የሚነዳው። እንተወው ብሎኝ ነበር፣ አልሰማሁትም።”

ክላይቭ ቀና ብሎ አያት። ይረግመኛል፣ ባርኔጣውን መሬት ይመታል፣ የአባቴን ስም ያነሣብኛል ብላ ጠበቀች። ይህን ሁሉ ለመቀበል ተዘጋጅታ ነበር፤ እንዲያውም ቶሎ እንዲመጣላት ፈልጋለች። እሱ ግን ሰንሰለቱን ከእጁ አስቀመጠ፣ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ባርኔጣውን አወለቀና በአጠገቧ አልፏት ወደ ላንድክሩዘሩ ሄደ። አልገፋትም፣ አልተናገራትም፤ እንደ አጥር እንጨት ነው ያለፋት።

“ስምህን እንኳ አልጠየቅኩህም” ሲል ሰማችው።

“ታሶስ እባላለሁ።”

“ታሶስ፣ ያለ ጥፋትህ አዋርጄሃለሁ። ይቅር በለኝ።” እጁንም በመስኮቱ አስገብቶ ዘረጋለት።

ሮዝሊን ባለችበት ቀረች። ክላይቭ ከብቱ አልቆበት፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ የዋሹት እሱን ሆኖ ሳለ፣ ያን ቃል ለማግኘት ከሰንሰለቱ እስከ መኪናው ያለችው መንገድ በቅታዋለች። እሷ ከታሶስ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ ሄዳ ተመልሳለች፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ግን አንድ ጊዜ እንኳ ከአፏ አልወጣም። አሁን ሄዳ ብትለው ከክላይቭ የተዋሰችው ይመስላል። ሁለቱ ሰዎች በመስኮቱ በኩል ስለ ውሃ መሳቢያው መነጋገር ጀመሩ፤ እሷን የጠራት አልነበረም።