ለሩሲያ የተሠራው ሞት

ኮፐንሃገን ውስጥ ያኔ፣ በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን፣ ለአንድ የፍቅር ፊልም ሁለት መጨረሻ ይነሳለት ነበር፤ አንዱ ለአገር ቤት፣ ሌላው ለሩሲያ። የሩሲያ ተመልካች ሰርግ አይጥመውም፤ ካላለቀሰ ገንዘቤን ተበላሁ ባይ ነው። ስለዚህ ተዋናይቷ ራግንሂልድ ጠዋት ከፈረሰኛው ጋር ተጋብታ፣ ከምሳ በኋላ ለሩሲያ ልትሞት ነበር።

ፈረሰኛውን የሚጫወተው ቶርቫል ነው። ፊልሙ ድምፅ ስለሌለው ካሜራ ፊት ምንም ቢንሾካሾኩ ሰሚ የለም። ፋሲካ ሰሞን የብረት ጥሩሩን እንደለበሰ ተንበርክኮ፣ "አገባሻለሁ፤ ለጰራቅሊጦስ ቄሱ ልንጋባ መሆኑን ሊያውጅ የሁለታችንን ስም ለምእመኑ ያነባል" ያላት እዚያው ነው። ዳር ሆኖ ለሚያይ ለጦርነት የሚምል ይመስላል። እሷ ግን አመነች፤ ምን ታድርግ፣ ወዳዋለች።

ጰራቅሊጦስ አለፈ፤ የተነበበ ስም የለም። ዛሬ ቁርጡን ልታውቅ ቆርጣ መጣች። በሰርጉ ትዕይንት ላይ እጁን ይዛ፣ እየሳቀች፣ "ስማችን መቼ ነው የሚነበበው?" አለችው።

"ኋላ እነግርሻለሁ፣ የኔ ቆንጆ" አለ እሱም እየሳቀ።

አዘጋጁ ሆልክ በፍቅራቸው ረክቶ አጨበጨበ።

ከምሳ በኋላ አልባሿ ፔትሪያ ፊቷን በዱቄት አነጣችላት። "አይ አንቺ፣ ጫጉላው ሳያልቅ ልትሞቺ?"

"እስኪ ልሙት፤ ከዚያ የምጠይቀው አለኝ።"

ቃሬዛው ላይ አጋደሟት። ሆልክ ፊልሙ ውድ ነውና እንዳትነቃነቅ አስጠነቀቃት። የካሜራው እጀታ መዞር ጀመረ፤ ቶርቫል መጥቶ ተንበረከከ፣ እጇን ይዞ ትከሻውን በለቅሶ ያንቀጠቅጥ ጀመር።

"ራጊ፣ እንዳትንቀሳቀሺ። እሑድ ስሜ ይነበባል። ከቢራ ጠማቂው ልጅ ከኤለን ጋር። ሌላ ቦታ ብነግርሽ ትጮሂብኝ ነበር፤ እዚህ ግን ሞተሻል።"

ምን ዓይነት ጨካኝ ነው! ራግንሂልድ ውስጧ እየነደደ ጣቷን እንኳ አላነሳችም። ከተጨፈነው ዓይኗ ግን እንባ አመለጣት።

"አቁሙ" አለ ሆልክ። "ሬሳ ያለቅሳል እንዴ? ምን ነካሽ? እንደገና እናነሳለን።"

ፔትሪያ እንባዋን ጠርጋ ዱቄቱን አደሰችላት። "አይፈረድብሽም፤ ሲያለቅስ እኮ አንጀት ይበላል።"

"ይበላል" አለች ራግንሂልድ።

ቶርቫል ተመልሶ ተንበረከከ፤ እጇን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

"ተቀየምሽኝ?" አለ። "ካልተቀየምሽኝ ዝም በይ።"

ዝም አለች። ጠልታዋለች፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ግን እጇን ከእጁ ማስለቀቅ አልቻለችም።