«ውጡ» የተባሉት

እኔ ጋኔን አልፈራም። የምፈራው አስፋልት ላይ ተጋግሮ አስፋልት መስሎ የሚጠብቀውን በረዶ ነው። ጠዋት ጠዋት ኦሮራ ከምኖርበት ከፒዮሪያ መንገድ ተነስቼ ሥራ ቦታዬ ሊትልተን እስክደርስ መሪውን ሙጭጭ አድርጌ «ጌታ ሆይ፣ አደራህን» እያልኩ እነዳለሁ። ከደረስኩ በኋላ ግን ሰይጣን ራሱ በር ቢከፍትልኝ «ጫማህን አውልቅ፣ አሁን ነው የወለወልኩት» የምል ሴት ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ሠርካዲስ ደንግጣ ነው፣ ጆሮዋ ነው» እንዳትሉኝ ነው።

ሥራዬ አረጋዊ መጦር ነው፤ እዚህ ኬርጊቨር ይሉናል። የምጦራቸው ሚስተር ዋልተር መቶ ዓመት ሊደፍኑ ትንሽ የቀራቸው፣ በጎረምሳነታቸው ጃፓንን የተዋጉ ወታደር ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች። አንዲት ልጃቸው ሱዛን ዳውንታውን፣ መሐል ከተማው ቢሮ ውላ ወደ ማታ ነው የምትመጣው፤ ቀኑን ሙሉ እኔና እሳቸው ነን። እንግሊዝኛ አንቱታ አያውቅም፤ እኔ ግን «ዩ» ባልኩ ቁጥር በሆዴ አንቱ እላቸዋለሁ። አባቴን የሚበልጡ ሰው አንተ ብዬማ እንዴት አድራለሁ?

ጥሩ ሰው ናቸው። የምስር ሾርባዬን «ይህ እሳት ነው» እያሉ ሳህኑን እስከ ጫፉ ይጠርጉታል። ስለ ጦርነቱ ሰው ሲጠይቃቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የጃፓን አውሮፕላን ከነአብራሪው መርከባቸው ላይ እንዴት እንደ ወደቀ፣ ባሕሩ እንዴት እንደ ነደደ፣ ከዚያ ኦኪናዋ የሚባል ደሴት ላይ እንዴት እንደ ወረዱ። ደሴቱ ላይ ሲደርሱ ወሬው ይቆማል። «ከዚያስ?» ስላቸው «ከዚያማ አሸነፍን» ይሉና ቴሌቪዥን ይከፍታሉ።

የሚያስቸግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ምድር ቤቱ፣ ወደ ቤዝመንቱ የሚያስወርደው በር። እንዳይዘጋ ከሥሩ ከባድ የብረት ድስት ተደግፎበታል። ክረምት ላይ ከታች የሚመጣው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ልዝጋው ብዬ ስነሳ ሽማግሌው ከወንበራቸው ለመነሳት ይታገላሉ።

«ተይው» ይሉኛል፣ «እንዳይታፈኑ።»

«እነማን?»

«ከታች ያሉት።»

ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት። ፀሐይ ከተራሮቹ ጀርባ ስትገባ ቴሌቪዥኑን ያጠፉና ጆሯቸውን ወደ በሩ ያቀናሉ። «ጀመሩ፤ ትሰሚያለሽ?» ይላሉ። እኔም «አዎ አባባ፣ እሰማለሁ» እያልኩ ካልሲያቸውን አጥፋለሁ። ሽማግሌ ደስ ካለው አዎ ማለት ምን ይከብዳል?

አንድ ቀን ግን እውነትም ሰማሁ። ዕቃ አጥቤ ቧንቧውን ስዘጋ ከታች ኳ አለ። ቆየት ብሎ ኳ፣ ኳ። ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ እንደሚሰማው ነው። ቱቦ ነው አልኩ። ለሱዛን ነግሬያት ማሞቂያ ጠጋኝ አስመጣች፤ ሰውየው ማሞቂያውን አጠፋ፣ ውሃውን ዘጋ፣ ሁሉንም ፈትሾ «ቤቱ ደህና ነው፣ እስከ ነገ አታብሩት» ብሎ ሄደ። የዚያኑ ዕለት፣ ቤቱ ቀዝቅዞ ቱቦው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሳለ፣ ኳ፣ ኳ። መብራት አብርቼ ደረጃውን ወረድኩ። ካርቶን ውስጥ የገባ የገና ዛፍ፣ የሟች ሚስታቸው የስፌት መኪና፣ ባዶ ሲሚንቶ። ድምፁ ከግድግዳው ወዲያ ነበር። መዳፌን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ፣ ልክ ከመዳፌ ሥር መታ። ያን ጊዜ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ፤ አልዋሽም።

ሌላ ሕዝብ እንዲህ ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። እኛ ጴንጤዎቹ የምናደርገው ግን የታወቀ ነው። ለእህት ፈትለወርቅ ደወልኩ።

ፈትለወርቅ የጸሎት ቡድናችን መሪ ናት። ዳውንታውን ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፤ በእረፍት ቀኗ ደግሞ አጋንንት ታስወጣለች። ቁመቷ ከትከሻዬ አያልፍም፣ ድምጿ ግን ኦሮራን በሞላ ይቀሰቅሳል። «ስንት ናቸው?» አለችኝ። ሚስተር ዋልተርን ጠየቅኳቸው። «ብዙ ናቸው» አሉ። «እንግዲያው ሌጌዎን ነው» አለችና የጸሎት ዘይቷን ይዛ መጣች። ሱዛንን አላማከርናትም። ሽማግሌውን ግን አስፈቅጃለሁ፤ «ጓደኛዬ ልትጸልይልዎት ነው» ስላቸው «ጸሎት ማንን ጎድቶ ያውቃል?» አሉኝ።

ፈትለወርቅ ቤዝመንቱ በር ላይ ቆመች። መጀመሪያ ዘመረች፣ ከዚያ አነባች፣ ከዚያ ተቆጣች። «ውጡ! በኢየሱስ ስም እላችኋለሁ፣ ከዚህ ጉድጓድ ውጡ!» እኔም ከኋላዋ ሆኜ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ «ውጡ!» እላለሁ። ኳኳታው ፈጠነ፣ በረታ። እሷም ባሰባት። በመጨረሻ መቃኑን ዘይት ቀባችና ድስቱን በእግሯ ገፋ አድርጋ በሩን ገጠመችው። ወዲያው ጸጥ አለ። ደስ ብሎኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ዞር ስል ሚስተር ዋልተር ከወንበራቸው ወርደው ወለሉ ላይ ተንበርክከዋል። ያለ ሰው እርዳታ አልጋ የማይወጡት ሰውዬ እንዴት እንደ ወረዱ እንጃ።

«ምንድን ነው ስትሉ የነበረው?» አሉኝ።

«ጸሎት ነው አባባ።»

«ደጋግማችሁ የጮኻችሁት ቃል። ምን ማለት ነው?»

«ውጡ ማለት ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው አመድ መሰለ። «እኔም ይህንኑ ነበር ያልኳቸው» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ፈትለወርቅ «ነጻ ወጥተዋል፣ ሃሌሉያ» ብላ ሥራዋን እንደ ጨረሰ ሰው ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳኳታው ጠፋ። እሳቸውም አብረው ጠፉ። ሾርባ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ። በሩን መልሼ ከፈትኩት፣ ድስቱንም መለስኩት፤ ከታች ግን ምንም የለም። ቀን ከሌት አንገታቸውን ወደ በሩ ጠምዝዘው ያደምጣሉ። ዓይናቸውን ቢከድኑም ለማዳመጥ እንጂ ለመተኛት አይደለም። «አለቁ» ይላሉ። «ያኔም እንዲህ ነበር። ይመታሉ፣ ይመታሉ፣ ከዚያ ይተዋሉ።» ሐኪም መጥቶ ልባቸው ደክሟል፣ ቀናቸው ቀርቧል አለ። ሱዛን አለቀሰች። እኔ ሰላም ላመጣላቸው ብዬ ያለ እንቅልፍ አስቀረኋቸው፤ እንዲህ እያደመጡ እንዲሞቱ ደግሞ አልፈለግኩም። እንዴት አድርጌ እንደማሳርፋቸው ነበር ሐሳቤ ሁሉ።

ስለዚህ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወንበር ስቤ ከአልጋቸው ጎን ተቀመጥኩ። «አባባ፣ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ንገሩኝና ይውጣልዎት» አልኳቸው።

ነገሩኝ። ከጓደኞቻቸው መካከል ጥቂት የጃፓንኛ ቃል የተማሩት እሳቸው ነበሩ። ሕዝቡ ውጊያ ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ተደብቋል፤ ዋሻ አፍ ላይ እየቆሙ መጣራት የእሳቸው ሥራ ሆነ።

«በባሕር መጡብን፣ በአየር መጡብን» አሉ። «በምድር ግን እኛ ነን የሄድንባቸው።»

አንዱ ዋሻ አፍ ላይ ቆመው «ውጡ፣ ውጡ» ብለው ተጣሩ። ከውስጥ አንዲት ሴት መለሰችላቸው። ብዙ ተናገረች። ሕፃን ልጅም ያለቅሳል። አለቃቸው «ምን አለች?» አላቸው። እሳቸው የተማሩት ውጡ ማለትን እንጂ፣ የሚመለሰውን መስማት አልነበረም።

«አላውቅም ማለት አፈርኩ» አሉኝ። «ልጅ ነበርኩ፤ ቋንቋ ያውቃል ተብዬ ተከብሬያለሁ። ‹አንወጣም ትላለች፣ ወታደሮችም አብረዋት አሉ› አልኩት።»

የዋሻው አፍ በፈንጂ ተደረመሰ። እሳቸውም እዚያው ጥበቃ ተመድበው አደሩ። ከድንጋዩ ወዲያ ያሉት ሰዎች ግድግዳውን በድንጋይ ይመቱ ነበር። ንጋት ላይ ተዉት።

እኔ ይህን ስሰማ የመጣብኝ ታላቅ ወንድሜ ስለሺ ነው። ምጽዋ ዘምቶ በዚያው ቀረ። ባሕር ይዋጠው፣ ቦምብ ይምታው፣ አሸዋ ይጫነው፣ የነገረን የለም። እናቴ «መርዶ ሳልሰማ እርሜን አላወጣም» ብላ፣ ለቅሶ ሳትቀመጥለት፣ የሻሸመኔ ቤታችንን በር እያየች ሞተች። የት እንደ ቀረ የሚያውቅ ሰው የሆነ ቦታ አርጅቶ፣ እንዲህ ጆሮውን አቅንቶ ይቀመጥ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«ይቅር ብለውሃል በይኝ» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው አባባ።»

«እሱን ቄሱም ብሎኛል። እነሱ ይቅር ብለውሃል በይኝ።»

አፌን ከፈትኩ። ለሚሞት ሰው አንዲት ቃል ናት፤ ለሌላው ስንቱን እሺ ብዬ የለ? ቃሉ ግን አልወጣ አለኝ። እናቴ በሩን እያየች ፊቴ ድቅን አለች።

«አልችልም» አልኳቸው። «በእነሱ አፍ መናገር አልችልም።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ልክ ነሽ» አሉ። «ቄሱም ሐኪሙም ገና ሳልጨርስ ነው ‹ጦርነት ነው፣ ምን ይደረግ› ያሉኝ።» ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አድርገው «እናንተ አገር እንዲህ ሲሆን ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እናለቅሳለን። መርዶ የተነገረው ሰው መሬት ይቀመጥና ያለቅሳል። እርም ማውጣት እንለዋለን። ካልተለቀሰለት ሞቷልም አይባል፣ አለም አይባል።»

«ለእነሱ አልተለቀሰላቸውም» አሉ። «የሚያለቅስላቸው ሁሉ አብሯቸው ውስጥ ነበር።»

እንግዲህ ምን ልበል? ሻሼን ፈትቼ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ቸርችማ ደረት መምታት ያስገስጻል፤ ፈትለወርቅ ብታየኝ እኔንም ዘይት በቀባችኝ ነበር። ግን ለቅሶ ስም ይፈልጋል። ወይኔ እገሌ ብለህ ነው የምትጀምረው። የዚያችን ሴት ስም ማን ያውቃል? የሕፃኑንስ? ደረቴን መታሁና «ወይኔ» ብዬ ቆምኩ። ከዚያ አፌ የሚያውቀውን ስም ጠራ።

«ወይኔ ስለሺ። ወይኔ ወንድሜ። በር ተከፍቶ ሲጠበቅ የቀረኸው። ማን ደረሰልህ? ማን አፈር አለበሰህ?»

ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ስንት ዓመት ስቄ፣ ሠርቼ፣ ቀልጄ ያሳለፍኩት ነገር ሁሉ ባንዴ ግንፍል አለ። የእናቴንም ድርሻ ነው ያለቀስኩት። እንዲህ እያለቀስኩ ሳለ ከበላዬ የሽማግሌውን ድምፅ ሰማሁ።

«ስ... ለ... ሺ» አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። እኔን እያዩ በቀጭን እጃቸው ደረታቸውን ይመታሉ። «ስለሺ» አሉ ደግመው። የሴትዮዋ ስም መስሏቸው ይሁን የሕፃኑ፣ ወይም በእኛ አገር ሙታን ሁሉ የሚጠሩበት መስሏቸው፣ አልጠየቅኩም። እንባቸው በጉንጫቸው ወርዶ ትራሱን ያርሳል። አንዴ እኔ፣ አንዴ እሳቸው፣ ድምፃችን እስኪዘጋ ጠራነው።

ሱዛን የመኪና ቁልፏን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘችን። እኔ ፀጉሬ ተበትኖ ምንጣፍ ላይ ነኝ፣ አባቷ አልጋቸው ላይ ይንሰቀሰቃሉ። ደነገጠች።

«ዳድ፣ ምን ሆናችሁ? ስለሺ ማነው?»

ሚስተር ዋልተር ዓይናቸውን ከድነዋል። አንገታቸው ከበሩ ዞሮ ትራሱ ላይ አርፏል።

«ከታች ከነበሩት አንዱ ነው» አሏት ቀስ ብለው። «ዛሬ ለቤተሰቡ ነገርኩ።»

ሱዛን ወደ እኔ ዞረች። «መጃጀት ነው፣ አይደል?» የምትል ትመስላለች፤ እንዳስተባብልላት ጠበቀች። እኔም ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ፊቴን በሻሼ ጠረግኩና፣

«አዎ» አልኳት፤ «ነግረውኛል።»