ሻንጣው ላይ የተወጠረው ወረቀት

ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የውሃ ቧንቧ ሲነድፍ ኖሮ ጡረታ ወጣ። መሥሪያ ቤት «ሚሊሜትር» ይሉት ነበር፤ እኛም ከዚህ የተሻለ ስም አናገኝለትም።

በሽኝቱ ቀን አንዲት ብርጭቆ ከልኩ በላይ ወሰድ አድርጎ ነበርና ብድግ አለ። «ከእንግዲህ ሚስቴን ይዤ ባሕር ላሳያት ነው! የጉዞ ማስታወሻም አዘጋጃለሁ፤ ገጹ ሁሉ በውሃ ቀለም የተሳለ!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ሚስቱ ግን ከዚህ ሁሉ «ባሕር» የምትለዋን ብቻ ነው የሰማችው። አዋላጅ ነበረች። የከተማውን ግማሽ ሕዝብ በእጇ ተቀብላለች፤ ከከተማው ግን ወጥታ አታውቅም። ልትወጣ ባሰበች ቁጥር የምታምጥ አንዲት ሴት አትጠፋም ነበር።

ከዚያ ሽኝት ወዲህ ሁለት ጊዜ ሻንጣ ሸክፋ ሁለት ጊዜ ፈታች። የመጀመሪያው ጊዜ ወረቀቱ ስስ ሆነ፤ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። በሁለተኛው ደግሞ ሰማያዊው ቀለም አልሆነም። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አላት፤ ቻለችው። ሰንበት ብሎ ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲላት ግን አልቻለችም።

«የኛ እንቁላልማ ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ አርጅቶ ሞቷል!» አለችው። «ስማኝ፤ ነገ ሄጄ ትኬት እቆርጣለሁ። ባቡሩ የሚነሣው የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ነው። አንተ ኖርክም አልኖርክም እኔ እሄዳለሁ።»

ማስፈራሪያ መሰለው። ይህን ያህል ዘመን አብሯት ሲኖር አደርጋለሁ ብላ ሳታደርገው የቀረችው ነገር እንደሌለ ማስታወስ ነበረበት፤ ግን ሐሳቡ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ነበር።

በማግስቱ የሥዕል ዕቃ መሸጫው ሱቅ ገባ። ባለሱቋ ከሩቅ ስታየው ከመደርደሪያው ጀርባ ብትደበቅ ደስ ባላት። ለእሷ ደንበኛ አይደለም፤ ደዌ ነው። አንዱን ወረቀት ያነሣና ወደ ብርሃን ያዞረዋል፤ ጆሮው ሥር አድርጎ ያንኮሻኩሸዋል። ከዚያ፣ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ጥጉን በምላሱ ይልሰዋል። ይህን ያስተማረው የመጀመሪያ አለቃው ነው። ምላስ ላይ የሚጣበቅ ወረቀት ውሃ ይመጥጣል፤ የማይጣበቀው ውሃውን ከላይ ያቆየዋል። የንድፍ ክፍሉ ሰው በሙሉ፣ ከኃላፊው እስከ ጀማሪው፣ አዲስ ወረቀት በመጣ ቁጥር ተሰልፎ ይልስ ነበር፤ እዚያ ማንም አይስቅም።

«ጋሼ!» አለች ባለሱቋ። «ወረቀት ነው እኮ፤ ማር አይደለም!»

«ይሄ ተጣበቀ። ቀለሙን ይውጠዋል።»

«እና አሁን እርስዎ የላሱትን ለማን ልሽጠው?»

«ላልላሰው ሰው» አላት ኮስተር ብሎ። «ከጥጥ የተሠራውን ወረቀት አምጪልኝ።»

የጥጡን አመጣችለት፤ ወፍራም፣ ሻከር ያለ፣ በካሬ ሜትር ሦስት መቶ ግራም፣ ሲዘረጋ ጠረጴዛ የሚያህል። በሱቁ ውስጥ የቀረው ይህ አንድ ብቻ ነበር። ላሰው፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ አልተጣበቀም። ባለሱቋ ሰማይ ሰማይ አየች።

«ቀለሙስ?» አለ። «የቱቦው ይሻላል ወይስ ደረቁ?»

«ለመንገድ የሳጥኑ ደረቅ ነው የሚሻለው። ቱቦው ሻንጣ ውስጥ ፈንድቶ የእትዬን ቀሚስ ቢያበላሽ ማን ሊያስታርቃችሁ ነው?»

«ሰማያዊው ሦስት ዓይነት አለሽ። የባሕሩ የትኛው ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ሄደው ራሱን ባሕሩን ይጠይቁት!»

ሦስቱንም ወሰደ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ነገሩ ወዲህ ነው። ይህ ሰው በሕይወቱ ያለ ማስመሪያ አንድ መስመር አስምሮ አያውቅም። ዛፍ ስሎ አያውቅም፤ ማዕበል ስሎ አያውቅም፤ የሚስቱን አፍንጫ እንኳ አልሞከረም። የሚያውቀው መምረጥ ነው። ወረቀት እየመረጠ እስካለ ድረስ ደግሞ «መሳል አይችልም» የሚለው ሰው የለም። ፈርቶ ነበር፤ በአጭሩ ይኸው ነው። ፍርሃቱን ግን ጥንቃቄ ብሎ ስም አወጣለትና አሳደገው።

እናም ሳምንቱን በሙሉ ሦስቱን ሰማያዊ ሲደባልቅ ከረመ። ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ አራት ማዕዘን እያሰመረ፣ እየቀባ፣ ከሥሩ ቁጥር ጻፈ። የምግብ ጠረጴዛው በአርባ ስድስት ሰማያዊ ተሸፈነ፤ ባልና ሚስቱም ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሉ። እሷ ቀሚሷን አጥፋ፣ መድኃኒቷን ቆጥራ፣ ሁለቱን ትኬቶች የሻንጣው የውስጥ ኪስ ውስጥ አስገባችና ሐሙስ ከሰዓት እህቷን ልትሰናበት ወጣች።

የጥጡ ወረቀት ወፍራምም ቢሆን እንዲሁ አይቀባም። በውሃ ይነከርና እርጥብ እንዳለ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይዘረጋል፤ ዙሪያውን ሙጫ ባለው የወረቀት ጥብጣብ ይለጠፋል። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል፤ ከዚያ በኋላ ቢያርሱትም አይጨማደድም። ሚሊሜትር ወረቀቱን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ነክሮ አወጣውና ጠፍጣፋ ነገር ፍለጋ ዞረ። የንድፍ ሰሌዳው መሥሪያ ቤት ቀርቷል። ጠረጴዛው በሰማያዊ ተይዟል። በሩ ቆሟል። ውሃ እየተንጠባጠበበት ኋላ ክፍል ሲገባ ሻንጣው ወለሉ ላይ ተጋድሞ አገኘው፤ የድሮ ሻንጣ፣ ክዳኑ ደረቅና ልሙጥ።

ወረቀቱ ከክዳኑ በየጎኑ አራት አራት ጣት ተረፈ። መቁረጡ አሳዘነው፤ ስለዚህ ትርፉን ወደ ጎንና ጎን አጠፈና ዙሪያውን አጥብቆ ለጠፈው። ቁልፎቹ ከሥር መቅረታቸውን አላየም እንዳንል አይቷል። «እስከ ማታ ይደርቃል፤ አነሣዋለሁ» ብሎ ነው። ከዚያ ዝናቡ ጣለ። ሚስቱ ደክሟት መጥታ በጊዜ ተኛች፤ እሱም ወረቀቱን በጣቱ ነክቶ፣ እርጥብ መሆኑን አይቶ፣ ነገ ማለዳ አነሣዋለሁ ብሎ ተኛ።

ዓርብ ጠዋት ታክሲው በር ላይ ጡሩንባውን ነፋ። ባለታክሲው በእሷው እጅ የተወለደ ሰው ነው፤ ሻንጣውን ሊያወጣ ኋላ ክፍል ገባና ቆሞ ቀረ።

«እትዬ፣» ብሎ ተጣራ፣ «ሻንጣችሁ ታሽጓል።»

መጣች። አየች። ትኬቶቹ፣ መነጽሯ፣ መድኃኒቷ፣ ሁሉም ከዚያ ነጭ ወረቀት ሥር ነው።

«ክፈተው» አለችው ባሏን።

ሚሊሜትር ተንበርክኮ በእጁ ጀርባ ዳሰሰው። «መሐሉ ትንሽ ይቀዘቅዛል። አሁን ከተነካ ይሸበሸባል። አንድ ሰዓት ብቻ ብትሰጪኝ...»

«ጋሼ፣ ባቡሩ እኮ ወረቀትዎ እስኪደርቅ አይቆምም» አለ ባለታክሲው።

«እሺ፣ እሺ! እቆርጠዋለሁ።» ተነሣ። ቢላዋ አመጣ። ክዳኑ ጠርዝ ላይ አስጠጋው፤ መልሶ አነሣው። «ቆይ፣ ማስመሪያዬ የት አለ?»

ይህን ጊዜ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። የድሮ የሥራ መቀሷን ከመሳቢያ አውጥታ መጣች፤ የስንቱን ሕፃን እትብት የቆረጠ መቀስ ነው። ማስመሪያ አልፈለገችም። ከጥግ እስከ ጥግ ሸረከተችው፤ ቁልፎቹ ጧ ጧ ብለው ተከፈቱ። መነጽሯን አደረገች፤ ትኬቶቹን አወጣች፤ አንዱን ቦርሳዋ ውስጥ፣ አንዱን እጁ ላይ አኖረች።

«ይሄ ያንተ ነው» አለችው። «ሲደርቅልህ ና።»

ወጣች። ባለታክሲው ሻንጣውን ከነተንጠልጣይ ወረቀቱ አንሥቶ፣ ሚሊሜትርን እያየ፣ ተከተላት።

ሚሊሜትር በመስኮት አያት። የኋላውን በር ከፍታ ገባች፤ ዘጋችው፤ ወደ ቤቱ አልዞረችም። ያኔ ነው የገባው። ይህች ሴት ነገ ከነገ ወዲያ የባሕሩ ዳርቻ ላይ ትቆማለች። በስልሳ ሦስት ዓመቷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ምን እንደምትል፣ አፏን በእጇ እንደምትይዝ ወይ እንደምትስቅ፣ እሱ አያይም። ሌላ ሰው፣ ምናልባት አንድ አይስክሬም ሻጭ፣ ያያል። እንዲህ ያለ ነገር በአርባ ስድስቱም ሰማያዊ አይመለስም።

እንዴት ከቤት እንደወጣ አያውቅም። ታክሲው መንቀሳቀስ ሲጀምር በጡጫው ጣሪያውን ደበደበው፤ ቆመ፤ ገባ። ትኬቱን ይዟል። ሌላ ምንም አልያዘም።

ሚስቱ እግሩን አየች። «በነጠላ ጫማ?»

«በነጠላ ጫማ።»

«ቀለምህስ?»

«ጠረጴዛው ላይ።»

ታክሲው የመንደሩን መታጠፊያ አለፈ።

«ፈርቼ ነው እኮ» አለ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«እንዳላበላሸው።»

«ወረቀቱን?»

«ባሕሩን» አለ። «አስቀያሚ አድርጌ ብስለውስ? አንቺ ይህን ያህል ጠብቀሽ።»

እሷ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች። «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ እጄ ስንት ሕፃን እንደተቀበልኩ ታውቃለህ። አንድም አምሮ የወጣ አላየሁም። ይሄ ሹፌራችን ራሱ ሲወለድ ጭንቅላቱ የተረገጠ ዱባ ነበር የሚመስለው።»

«ኧረ እትዬ!» አለ ባለታክሲው።

«አንተ መንገድህን እይ። ደንግጬ በጨርቅ ሸፈን አድርጌ ነው ለእናቱ የሰጠኋት። ገለጠችውና አየችው፤ አየችውና አለቀሰች። 'እንዴት ያምራል!' አለችኝ።»

ሚሊሜትር እጇን ፈልጎ ያዘ። ባለታክሲው በመስታወቱ ውስጥ ጭንቅላቱን ገልመጥ አድርጎ አየና ፍጥነት ጨመረ።